ተንሸራታች ዋጋ

ጤና ጣቢያችን ድሮ ባንክ ነበር፤
አክረን ውስጥ፣ ኬንሞር ከሚሉት ሰፈር።
ወርቅና ሰነድ የተኛበት የብረት ክፍል
ዛሬ ፍሪጅ ቆሞበት ክትባት ያድርበታል።
ባለመኪናው ሳይወርድ ብር በሚቀበልበት መስኮት
እናቀብላለን ክኒን፣ ሽሮፕ፣ የስኳር መድኃኒት።

እኔ ከመስታወቱ ኋላ ነኝ፤ ቅጽ አስሞላለሁ።
«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ? በወር ስንት ይገባል?» እላለሁ።
ሠንጠረዥ አለኝ፣ በላስቲክ የታሸገ፣
ጥጉ ከአውራ ጣቴ ብዛት የጠወለገ።
ገቢው ሲወርድ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል፤
ተንሸራታች ይሉታል።
ስሙን አልወደውም። ጃንዋሪ ላይ፣ በረዶ ደጃፉን ሲያለብሰው፣
ስንት ነው መግቢያው ላይ ክንዱን ይዤ ያነሳሁት ሰው።

ሰኞ ጠዋት ሮንዳ፣ አለቃችን፣ ሰበሰበችን፤
«ያለን ገንዘብ እስከ ማርች አሥራ አራት ነው» አለችን።
የጥርስ ወንበሩ በሳምንት ሁለት ቀን።
የአዋላጇ ቦታ ለጊዜው ባዶ።
ከዚያ ቀን ወዲያ ያለ ቀጠሮ ሁሉ በእርሳስ ይጻፍ፣
ቢሰረዝ እንዲቀል።
እኔም ላጽናናት ብዬ ተረትኩላት፣ እንደምንም አቃንቼ፦
ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፣ ብዬ።
አሰበች። «ሎሚውን» አለች፣ «የገዛው የቱ በጀት ነው?»
ሳቅን። ከዚያ ማንም ቡናውን አልጨረሰው።

በመጠበቂያው ክፍል ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም።
ዋሽንግተን ላይ ሰዎች ስለኛ ይከራከራሉ፤ አፋቸው እንጂ ቃላቸው አይሰማም።
ከሥር ጽሑፍ ያልፋል፦ ማራዘሚያ፣ ቁጠባ፣ ወጪ በነፍስ ወከፍ።
ወከፉ እዚያ ነው፣ በእነሱ እጅ፤
ነፍሱ ግን እዚህ ተቀምጧል፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፦
ሃሪ ማያ፣ የቡታኗ አሮጊት፣ የመድኃኒት ብልቃጦቿን በሻሽ ቋጥራ፣
አንድ ጎረምሳ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ላይ፣
አንዲት ሕፃን የሚነቃነቅ ጥርሷን በምላሷ እየገፋች።

ማክሰኞ ሚስተር ሃጊንስ መጡ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ ሠርተዋል፤ ጥቁሩ አሁንም አለ፣
ታጥቦ አልለቀቀም፣ ከጥፍራቸው ሥር ቤት ሠርቶ።
«ወርኃዊ ገቢ» በሚለው ፊት የጻፉትን አየሁ፤
ፋብሪካው ሳይዘጋ የሚያገኙት ደመወዝ ነው፣ ሳንቲሙ ሳይቀር።

ድሃ ገቢውን አሳንሶ ያጭበረብራል ይላሉ፣ የሚያውቁ ነን ባዮች።
ዘጠኝ ዓመት ተቀምጬ በዚህ ወንበር ላይ
የነገሩኝ ውሸት ብዙው ወደ ላይ ነው፣
ወደ ላይ።

በዚያ ቁጥር ቢሄድ መቶ ሰማንያ ዶላር ሊከፍሉ፤
ኪሳቸው ሃያ እንኳ እንደሌለ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ አይቻለሁ።
ቅጹን አጠፍኩት። ሌላ ሰጠኋቸው።
«ይሄ ወረቀት ያለፈውን አይጠይቅም፣ የዛሬውን ነው» አልኳቸው።
ዝም አሉ። ቆዩ። ከዚያ ጻፉ፤
እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ነበር፣ እንዲያ ተጭነው።

ከምርመራ ሲወጡ የዶክተሯ ማስታወሻ በእጃቸው፦
ግፊቱ ከፍ ብሏል፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይታዩ።
ቆጠርኩ። ኤፕሪል ሁለት።
ከሮንዳ ቀን ማዶ።
እርሳሱ ከፊቴ ነው፣ ተቀርጾ፣ ሹል ሆኖ።

«ያኔ ክፍት ናችሁ?» አሉኝ። ለካ ቴሌቪዥኑን ሲያነቡ ነበር።
ምን ልበል? አላውቅም። እውነቱ እሱ ነው።
«እስክሪብቶዎን ያውሱኝ» አልኳቸው።
ካርዱ ላይ ጻፍኩ፦ ኤፕሪል ሁለት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከጠዋቱ፤
እኔም ተጭኜ፣ እስከ ጀርባው እስኪታይ።

ኮፍያቸውን ደፉ።
«ደጃፉ ያንሸራትታል» አልኩ፤
«ብረቱን ይያዙ።»